የውሃ ማማ

በእኛ አገር ማማ ማለት ማሽላ መሀል የቆመ፣
ባላውን ምስጥ የቀማመሰው፣ ወደ ወንዙ ያዘመመ፣
ወጥተን ወፍ የምንጠብቅበት፣ ወንጭፍና ጩኸት ይዘን።
ሶሃር ስንደርስ ያው ቃል ሌላ ሆኖ ጠበቀን፤
ማማ የቤቱ እመቤት ናት። ገና ጎህ ሳይቀድ ነቅታ፣
የመስኮት ደፍ ትዳብሳለች፣ በነጭ ጓንት፣ በዝምታ።
ጣቷ ከጠቆረ በቃ፤
የዚያን ቀን ስሜ ሉባባ አይደለም፤ ባልዲ ነው፣ መጥረጊያ፣ ዕቃ።

ከጓሮ ኩሬ አለ፤ ሰማያዊ ሰድር የለበሰ፣
ውሃው ግን የጎመን ቅቅል፤ ሽታው ኩሽና የደረሰ።
የአዛውንቱ የኸልፋን ዓሦች ሌሊት ወደ ላይ ይወጣሉ፣
አፋቸውን ከፍተው አየር እንደ ቁራሽ ይለምናሉ፤
ጠዋት አንዱ በጎኑ ነው።
እኔ የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፤ የተራበ ዓሣ መልኩን አውቃለሁ፤
ይሄ አልተራበም፤ በገዛ ሽንቱ ነው የሚታፈነው።

ሐሳቡን ያመጣው ሞክሌስ፤ አትክልተኛው፣ የሲልሄቱ፤
ዐረብኛው እንደ እኔው ነው፤ ግማሹ እጁ፣ ግማሹ ፊቱ።
ከገበያ የተጣለ አራት የቴምር ሣጥን፣ ፕላስቲክ፤
ሚስማር በጋዝ እሳት አግለን ታቻቸውን በሳሳነው፣
አንዱን ባንዱ ላይ ደረብነው።
ሆዳቸው ውስጥ የገል ስባሪ፣ ከደረቁ ወንዝ ጥቁር ጠጠር፤
እኔም ሁለት ወር ሙሉ የጠርሙስ ክዳን ስቆጥር፣
የእርጎውን፣ የውሃውን፣ የልጆቹን የማንጎ ጭማቂ፣
ከቆሻሻው መሀል ለቃሚ፣ ከትራሴ ሥር ደባቂ።
ሺህ አንድ መቶ ስድስት ክዳን!
ደሞዜን እንኳ እንዲህ ቆጥሬ አላውቅም።

ከጫፉ ናና ተከልን፣ ጎደሬ፣ ትንሽ ደንገል፤
አፈር የለም፤ ሥሩ እንዲሁ በጠጠሩ መሀል ይንጠልጠል።
ሞተሩ ከኩሬው ሆድ መጦ፣ ወደ ላይ ወስዶ ይተፋል፤
ውሃው ከሣጥን ሣጥን፣ ጠብ፣ ጠብ፣
አየር እየጠጣ ይወርዳል።

አንድ ሳምንት። ሁለት። ውሃው ያው ጎመን።
ኸልፋን በከዘራው ነካ አርጎ፣ «የልጅ ጨዋታ» አለን።
ሞክሌስ ዐሥር ጣቱን ዘረጋ፤ አጠፈ፤ ዘረጋ፤ አራቴ፤
ዐርባ ቀን ማለቱ ነው። ከዚያ ድንጋዩን እያሳየ
ጣቱን አርገበገበ፦ እዚህ ላይ ይወለዳል፣ ዐይን የማያየው ነገር፣
የዓሣውን መርዝ የሚበላ።
አትንኪው፣ አለኝ። አትጠቢው።

አልሰማሁም። ወይ ጆሮዬ ሰምቶ እጄ አልሰማም።
ዐርብ ነበር፤ እሱ መስጊድ። ሣጥኑን ብዳብሰው
ልጋግ፣ ቡናማ፣ የሚያዳልጥ።
ጓንቷ ትዝ አለኝ።
አወረድኩት፤ ክዳኑን አንድ በአንድ፣ ጠጠሩን በብሩሽ፣
በበረኪና ፈተግኩት፤ እንደ ጥርስ አነጣሁት።

ማታ አራት ዓሣ። ትልቁም፣ ጥቁር ነጥብ ያለው ግንባሩ ላይ።
ሞክሌስ አልጮኸም። ጠጠሩን አሸተተው፤ አየኝ፤
ዐሥሩን ጣት ዘረጋ።
እንደገና፤ ከአንድ።

ነሐሴ በሶሃር እርጥብ ፎጣ ነው፣ ፊት ላይ የተጣለ፤
በእኔ መስኮት በኩል ግን፣ ከማማው የተላከ፣
አንድ ክንድ የምታህል ቅዝቃዜ ትገባለች ሌሊት።
ጠብ፣ ጠብ። ቆጥሬ ሳልጨርስ እተኛለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት የኩሬውን ወለል አየሁት።
ሰድሩ ላይ ዓሣ ተሥሏል፤ ለካ ሥዕል ነበረው!
ከሥዕሉ ዐይን አጠገብ አንድ የጆሮ ጌጥ፣ ወርቅ፣ ባለ ዕንቁ።

ከእኔ በፊት እዚህ ቤት የነበረችው ሽክሪያ
በዚህ ጌጥ ነው የተባረረች። ሻንጣዋ ተበርብሮ፣
ፀጉሯ ተፈትቶ።

ወስጄ ለማማ ሰጠኋት። በጓንቷ ጠርጋ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤
ምሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ማታ ናና ልቆርጥ ወጣሁ።
ልጋጉን በመዳፌ ዳበስኩት፤ እጄን አልታጠብኩም።
ሞክሌስን ጠየቅሁት፣ የሽክሪያን ስልክ ታውቃለህ?
አንድም ጣት አልዘረጋም።